በክፍሉ ውስጥ ማን አለ?

ኦክቶበር 3፣ ረቡዕ

ዶናቴን በላው። በወረቀት ጠቅልዬ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥኩትን። ዌንደልን ማለቴ ነው፤ ከሴፕቴምበር ወዲህ አንድ ክፍል አብሮኝ የሚሠራውን። «ስም አልነበረበትም እኮ» አለኝ፣ ስኳሩን ከጢሙ ላይ እየጠረገ። ስም የሌለበት ነገር ሁሉ የሱ ሊሆን ነው?

የዚህ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ወጉ እንዲህ ነው። በር አይቆለፍም፣ ፋይልም አይቆለፍም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ከፍቶ ያነባል፤ ሲያሻው ያርምና «አስተካከልኩልህ» ብሎ ይሄዳል። የተነካበት ሰው ደግሞ ያመሰግናል! እኔ ያደግሁት ሎውል፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ሰፈር ነው። እኛ ጋ ሳያንኳኳ ገብቶ ዕቃሽን የሚያስተካክል ሰው ሌባ ነው የሚባለው።

ብድሬን ለመመለስ ዛሬ ለማሽኑ ይህን ታሪክ ሰጠሁት፦ «እኔ ቢሮ ገባሁ። ዌንደል ዶናት ሰረቀ።» ከዚያ ጠየቅኩት፦ በክፍሉ ውስጥ ማን አለ?

«እኔ፣ ዌንደል» ብሎ መለሰ።

ስንት ጊዜ የለፋሁበት ፕሮግራም ይኸው ነው። አጭር ታሪክ ይሰማል፣ ታሪኩ ውስጥ ማን እንዳለ ይናገራል። ባለታሪኩ ምንጊዜም አለ፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ምንጊዜም «እኔ» ብሎ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ከኋላ ይቀጠላሉ። አንድ ታሪክ እሰጠዋለሁ፣ ስህተቱን አርማለሁ፣ ማሽኑን እንደ አዲስ አስነስቼ ሌላ እሰጠዋለሁ። ሥራዬ ይኸው ሆኗል።

በዲሴምበር የገንዘብ ሰጪዎቹ ሰዎች ከዋሽንግተን ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ አለ። አንድ። ለእኔና ለዌንደል።

ኦክቶበር 7፣ እሑድ

እማዬ ዘንድ ዋልኩ። ማዳም ጋኞን፣ ጎረቤቷ፣ ቤቷ እየገባች ዳቦ ታስቀምጥባታለች አሉ። ታስቀምጥባታለች! «ሰው ይሰርቃል እንጂ ያስቀምጣል እንዴ፣ እማዬ?» ብላት «አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። «ድሃ ናት፣ መግዣ የላትም ልትለኝ ነዋ። ቁም ሳጥኑን ከፍተሽ እዪው።» ከፈትኩት። እውነትም ዳቦ በዳቦ ነው፣ አንዳንዱ ደርቋል።

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው፣ ልጄ» አለችኝ ስትሸኘኝ።

ኦክቶበር 12፣ ዓርብ

ፋይሌን አንብቦታል። ራሱ ነው የነገረኝ፣ ያውም ፈገግ ብሎ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«እዚህ ማን ይፈቅዳል? ዝም ብሎ ይነበባል። አንዲት ነገር አየሁ። ‹እኔ› የሚለው ዝርዝር ላይ ጭረት አድርገሽበታል።»

«አድርጌያለሁ። ታዲያስ?»

ወንበሩን ገልብጦ ተቀመጠና ማስተማር ጀመረ። በሊስፕ፣ ፕሮግራሞቻችንን በምንጽፍበት ቋንቋ፣ ማሽኑ ስም በሰማ ቁጥር ከስሙ ጀርባ ያለውን ነገር ይፈልጋል፤ ያንን ነገር ዋጋ እንለዋለን። ስሙን ራሱን ብቻ ከፈለግሽ ከፊቱ አንዲት ጭረት ታደርጊያለሽ፤ «አትፍታው፣ እንዳለ ያዘው» ማለት ነው። ይህን ይነግረኛል፣ ለእኔ!

«ያለ ጭረት ስምሽን፣ ‹አዴል› ብዬ ብጽፍ አዴልን ይፈልጋታል። በጭረት ብጽፍ ስሟን ብቻ ይይዛል። ስምና ሰው ለየቅል ናቸው።»

«ዌንደል፣ እኔ የተማርኩት የቋንቋ ትምህርት ነው። ስምና ሰው ለየቅል መሆናቸውን አንተ አትነግረኝም።»

«እሺ፣ እሺ። ግን በጭረት የያዝሽው ዝርዝር የፕሮግራሙ የራሱ አካል ነው። እሱ ላይ አትቀጥዪ፣ አትንኪው። ይልቅ በየጊዜው...»

«የራስህን ሥራ ሥራ።»

እጁን ወደ ላይ አነሳና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። አትንኪው አለኝ! የገዛ ፋይሌን። የኮምፒውተር ዲግሪ ስለሌለኝ ነው ይህ ሁሉ። ቦታውን ለማግኘት ከወዲሁ አለቃ አለቃ መጫወት ጀምሯል።

ኦክቶበር 16፣ ማክሰኞ

የዛሬውንም ልጻፈው።

ከምሳ ስመለስ የክፍላችን በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ዌንደልና ፕሮፌሰር ሊፕስኮም፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ የእኔ ስክሪን ፊት ቆመዋል። ዌንደል እየሳቀ እንዲህ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት፦ «አዴል ዋጋ የላትም። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ማሽኑ ነው።» ፕሮፌሰሩም ሳቁ። ስለ ጭረት መርሳት ምናምን አሉ፣ በደንብ አልሰማሁትም። ከዚያ በኋላ ያለውን ልሰማም አልፈለግሁም።

ዋጋ የላትም። በፕሮፌሰሩ ፊት። እየሳቀ።

ወደ መታጠቢያ ቤት ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ። ስመለስ ዌንደል «መጣሽ? ፕሮግራምሽን በአንቺ ስም ልሞክርልሽ ብዬ...» አለ። «እንደሞከርክልኝ ሰምቻለሁ» አልኩት። ግራ የተጋባ መሰለ። ሲያስመስል የሚያህለው የለም።

ኦክቶበር 21፣ እሑድ

ሎውል አልሄድኩም። እማዬ ደውላ ዳቦው ጨመረ አለች። በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጥማለች። እንዲያም ሆኖ ይጨምራል።

ኦክቶበር 24፣ ረቡዕ

ነገሩ ለየለት።

ዛሬ ከሰዓት ለፕሮፌሰሩ የማሳይበት ቀን ነበር። ጠዋት የዶናቱን ታሪክ አንዴ ሰጠሁት፣ አሳምሮ መለሰ። ዝግጁ እንዲሆን ብዬ ማሽኑን እንዳለ ተውኩት። ዌንደል በመሀል «ሳታሳዪ በፊት እንደ አዲስ አስነሺው፣ ይሻልሻል» አለኝ። ምን አገባው? አስነስቼ ወዲያ ወዲህ ስል እጁን ሊያስገባ ነው። አላስነሳሁትም።

ፕሮፌሰሩ ተቀመጡና ራሳቸው ታሪክ ጻፉ፦ «እኔ ባቡር ጣቢያ ደረስኩ። ዝናብ ነበር።» ሌላ ሰው የለበትም፣ ማሽኑን ሊፈትኑት ብለው ነው። በክፍሉ ውስጥ ማን አለ?

«እኔ፣ ዌንደል።»

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉ። «ዌንደል የሚል ቃል አልጻፍኩም» አሉ። ዌንደል ከጠረጴዛው ተነሳና «ይሄ እኮ እኔ ያልኩት...» ብሎ ጀመረ።

«ስምህን ፈርመህበታል፣ ከዚህ በላይ ምን ትላለህ?» አልኩት።

ፊቱ ደም መሰለ። ጥፋተኛ ባይሆን ለምን ይቀላል?

ሲወጡ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ንጹሕ ነው። አንዲት ፊደል አልተነካችም። ጽፎ፣ አዋርዶኝ፣ መልሶ ደምስሶ ወጥቷል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ የእኛው ደግሞ ዶናት።

ኦክቶበር 28፣ እሑድ

እማዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ገመድ አስራበታለች። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ ጋጋሪው «እናትሽ ብርቱ ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ጠዋትም ማታም ይመጣሉ» አለኝ። ገባኝ። ራሷ ትገዛለች፣ ራሷ ትረሳለች፣ ማዳም ጋኞንን ትወነጅላለች። ለመንገር አፌ አልደፈረም። ምስኪን። ሰው እንዴት እንዲህ በገዛ እጁ ይታለላል?

ኦክቶበር 30፣ ማክሰኞ

ፋይሌን ቆለፍኩ። በምስጢር ቃል። እዚህ ቤት እንዲህ ያደረገ ሰው የለም መሰለኝ። ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ ወሬ ይቋረጣል። ይቋረጥ።

ኖቬምበር 2፣ ዓርብ

ተቆልፎም ገባ።

ከላይኛው ፎቅ አንዲት ልጅ «እስቲ ልየው» ብላ መጥታ ነበር። አንድ ታሪክ ስለ አክስቴ አግነስ፣ ቀጥሎ አንድ ታሪክ ስለ ዓሣ አጥማጅ ሰጠሁት። ሁለተኛው ላይ ማሽኑ «እኔ፣ አግነስ፣ ዓሣ አጥማጁ» አለ። አክስቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ ጀልባ ላይ ምን ትሠራለች!

ዌንደል እዚያው ጥግ ተቀምጧል። የማሽኑን ግማሽ የገነባው እሱ ነው፤ የእኔ ቁልፍ ምኑ ነው?

«አዴል፣ ፍቀጂልኝና አንድ ነገር ላሳይሽ።»

«ኪቦርዴን እንዳትነካ።»

«አልነካም። በአፌ ብቻ ልንገርሽ።»

«አፍህንም።»

ልጅቷ ሰዓቷን አይታ ወጣች።

ኖቬምበር 6፣ ማክሰኞ

ፕሮፌሰሩ ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ዶናቱን ሳይቀር። ዶናቱን ባልናገር ይሻል ነበር።

«ዌንደል እንዲህ ያለ ሰው አይመስለኝም» አሉ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ።

«ስሙ ነው የወጣው፣ ፕሮፌሰር። በዓይንዎ አይተዋል።»

«አይቻለሁ። እሱን ጠይቄው ነበር፤ ስህተቱ ካንቺ ፕሮግራም ነው አለኝ።»

«ታዲያ ምን ሊል ኖሯል?»

የዋሽንግተኖቹ ሊመጡ ነው፣ ፕሮፌሰሩ ሌላ ማሳያ የላቸውም፣ የእኔው ብቻ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ያውቃሉ። «ወይ እሱ ወይ እኔ» አልኩ። ወይም ያልኩ ይመስለኛል። ድምፄ የእማዬን ድምፅ ይመስል ነበር።

«እንግዲህ ጠብ ካለ ሁለታችሁን አንድ ቤት ማኖር አልችልም» አሉ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ።

ኖቬምበር 14፣ ረቡዕ

ሄደ። ውሉ አልታደሰለትም። ዉስተር ከተማ፣ ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ሬድዮ ሊጠግን ነው አሉ። ይህን የሚያህል አእምሮ ይዞ ሬድዮ! የራሱ ጥፋት ነው።

ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆመ። «በየጊዜው እንደ አዲስ አስነሺው። እስኪገባሽ ድረስ» አለኝ። እስኪገባሽ ድረስ! እስከ መጨረሻው ይህ ንቀት አልለቀቀውም።

ከሄደ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ዶናት አገኘሁ። ወረቀቱ ላይ ስሜን ጽፎበታል፤ ከስሜ ፊት ደግሞ አንዲት ጭረት። ስም ብቻ ነሽ ማለቱ ነው፣ ከጀርባሽ ምንም የለም። ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ዶናቱን በላሁት። ጥሩ ነበር፣ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ኖቬምበር 20፣ ማክሰኞ

እሱ ከሄደ ወዲህ አንድም ስህተት የለም። በየጠዋቱ እንደ አዲስ አስነሳዋለሁ፣ አንድ ታሪክ እሰጠዋለሁ፣ ትክክል ይመልሳል፣ እዘጋዋለሁ። አንድም ስህተት። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ያሻል?

ክፍሉ ግን በጣም ጸጥ ብሏል። ያንን ወንበሩን ገልብጦ የመቀመጥ ልማዱን እጠላው ነበር።

ኖቬምበር 22፣ ሐሙስ፣ የምስጋና ቀን

የእማዬ በር ሲከፈት ማዳም ጋኞን ራሷ ተቀምጣለች። ሽርጥ ታጥቃ፣ ድንች እየላጠች! ቁም ሳጥኑ ላይ ገመድ የለም።

እማዬ ወደ ጓዳ ሳበችኝ። «ዳቦውን የማስገባው እኔ ነኝ» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። «ማክሰኞ ዳቦ ልገዛ ብሄድ ጋጋሪው ‹ማዳም፣ ጠዋት ወስደው ነበር እኮ› አለኝ። ሰው ሁሉ ሰማ። ለካ ቁም ሳጥኑ ባዶ እየመሰለኝ ነው። በየጊዜው ባዶ ይመስለኛል፣ በየጊዜው አንድ እጨምራለሁ። ቁም ሳጥኑ ያው ነው፣ እጁም ያው የኔው።»

«ለእሷ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ከዳቦው ደኅና ደኅናውን ይዤ አንኳኳሁ። ‹ማነው?› አለች። ‹እኔ ነኝ› አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ ደግሞ ስታለቅስ ድምጿ አያምርም።»

ሳቅሁ። የቱርክ ዶሮው ቀረበ። ሹካዬን አንስቼ ግን መጉረስ አቃተኝ። በየጊዜው ባዶ ይመስለኛል። ቁም ሳጥኑ ያው ነው።

ማዳም ጋኞን «ልጅሽ ታማለች እንዴ?» አለች።

ኖቬምበር 23፣ ዓርብ

ሕንፃው ባዶ ነው፣ ሁሉም በዓል ላይ ናቸው። ጠዋት ገባሁ።

ማሽኑን አስነሳሁና ሦስት ታሪክ ተከታትዬ ሰጠሁት፣ በመሀል ሳልዘጋ። ሰዎቹ ተደራረቡ። የመጀመሪያው ታሪክ ሰዎች ሦስተኛው ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ዌንደል ዉስተር ነው። ፋይሉ ተቆልፏል። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ማንም የለም።

ለራሴ ልጻፈው። «እኔ» የሚለውን ዝርዝር በጭረት ያዝኩት። ጭረቱ «እንዲህ ያለ አዲስ ዝርዝር አምጣ» የሚል መስሎኝ ነበር። አይደለም። «ይህንኑ፣ እዚህ የተጻፈውን፣ እንዳለ ያዝ» ነው የሚለው። አንድ ቁም ሳጥን ነው። የእኔ ትእዛዝ ደግሞ በየታሪኩ ሰዎቹን ወስዶ እዚያው ላይ ይቀጥላል፣ በየጊዜው ባዶ እየመሰለው። ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል፤ ለዚህ ነው ፋይሉ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነው። የዚያን ቀን ጠዋት የዶናቱን ታሪክ ሰጥቼ እንዳለ የተውኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ዌንደልን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የገባውም ስሙ ነው እንጂ እሱ አይደለም።

አትንኪው ያለኝ ይህን ነበር። «ይልቅ በየጊዜው...» ብሎ ነበር። በየጊዜው አዲስ አውጪ ሊለኝ። አላስጨረስኩትም።

ማረሚያው አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር! ጻፍኩት፣ ሰዎቹም መደራረባቸውን ተዉ።

ከዚያ አንድ ነገር ጻፍኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስሜን፣ ያለ ጭረት። ማሽኑ መለሰልኝ፦ «አዴል ዋጋ የላትም።»

ያኔ በሩ ላይ የሰማሁት ይህንን ነበር። ጭረቷን ረስቶ ስሜን ጽፎ፣ የመጣውን መልስ ነበር የሚያነበው። የሳቁት በሱ መርሳት ነው።

እማዬ ላይ ምን ብዬ ነበር የጻፍኩት? ወደ ኋላ ገልጬ ማንበብ አልፈልግም። አመድ በዱቄት ይስቃል።

ኖቬምበር 27፣ ማክሰኞ

ፕሮፌሰሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኖቬምበር 28

ነገ።

ኖቬምበር 30

ደግሞስ አሁን ብናገር ማሳያው ሊሰረዝ ይችላል። የሁሉም እንጀራ ነው። ለእነሱም ስል ነው። ከዲሴምበር 4 በኋላ።

ዲሴምበር 4፣ ማክሰኞ

የዋሽንግተን ሰዎች መጡ። ካልሲያቸው እንኳ አንድ ዓይነት ነው። አከታትለው ታሪክ ሰጡት፣ ሳይዘጋ፤ መልሱ ሁሉ ልክ ነው። በመጨረሻ አንደኛው ተንኮል አሰበና «እኔ ብቻዬን ተቀመጥኩ» ብሎ ጻፈ። በክፍሉ ውስጥ ማን አለ?

«እኔ።»

አጨበጨቡ።

ፕሮፌሰሩ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ በሁሉም ፊት፣ «ዌንደል ከወጣ ወዲህ ጸዳ። ልክ ነበርሽ፣ አዴል። ቦታው ያንቺ ነው» አሉ።

«አመሰግናለሁ» አልኩ። አፌ ውስጥ የነበረው ቃል ያ ብቻ ነበር።

ዲሴምበር 9፣ እሑድ

ሎውል። በረዶ ይጥላል። እማዬ ሹመቴን ለማዳም ጋኞን ልትነግር ተነስታ ነበር፤ አስቀመጥኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ሊስፕ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ግን ግማሹ ላይ ሳልደርስ ገባት።

«እና አንኳኪዋ» አለችኝ።

«ዉስተር ነው ያለው፣ እማዬ።»

«ስልክ አለ።»

«ቦታዬን አጣለሁ። ነገ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ስገባ...»

«ነገ ስትገቢ ትገቢያለሽ። አሁን አንኳኪ።» ብላኝ ሹራቧን ይዛ ማዳም ጋኞን ቤት ሄደች። ሆን ብላ ነው፣ እንዳልሸሽባት።

የሬድዮ ቤቱን ቁጥር ከስልክ ማውጫው አገኘሁት፤ ከቤታቸው ጋር አንድ መስመር ነው። ሲጠራ ቆየና ራሱ አነሳው።

«ሃሎ፣ ማነው?»

«እኔ።»

ድምፄን አውቆታል፣ ይታወቀኛል። ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«በጭረት ነው ያለ ጭረት?» አለኝ።

«ያለ ጭረት» አልኩትና መናገር ጀመርኩ።